ወደኋላ የሚኬድበት ዱካ

ልብስ ሰፊዋ ባሏ ከሞተ ወዲህ ምንም አይሰማትም። ይህን የምለው ለማማት አይደለም፤ ሰው እንዲህም ይሆናል። ቀብር ላይ አላለቀሰችም። ከቀብር መልስ ስፌት መኪናዋ ላይ ቁጭ ብላ የሰው ሱሪ አሳጠረች። "አይዞሽ" ሲሏት "እሺ" ትላለች። ሻይ ሲሰጧት ትጠጣለች። በስኳር ፋንታ ጨው ቢጨምሩበትም የምታውቅ አይመስለኝም።

የጎረበጣት አንድ ነገር ብቻ ነው። ባሏ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ በረዶ በጣለ ቁጥር ግን ቅዳሜ ቅዳሜ የአውሬ ዱካ ከሚከታተሉ በጎ ፈቃደኞች ጋር ይወጣል። እያንዳንዱ ሰው የራሱ መስመር አለው፤ የእሱ ከወንዙ ማዶ ያለው ጫካ ነበር። እዚያ የዱር ድመት አለ ይላል። ከእሱ በቀር ያየ የለም። የዱካውን ፎቶ ሲያመጣላቸው "የወፈረ የቤት ድመትም እንዲህ ይረግጣል፤ ከዋሸህ አትዋሽ፣ ካልዋሸህ ፀጉር አምጣ" ይሉታል። ፀጉሩን ሳያመጣ ስንት ክረምት አለፈ፤ ስሙም "ድመት አለኝ በሰማይ" ሆኖ ቀረ። እሱ ይስቅ ነበር እንጂ አይቆጣም።

ታዲያ ከሞተ በኋላ ከመሃላቸው አንዱ ዚፕ ሊያስቀይር ሱቋ መጣና፣ "ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ ትንሽ ያጋንን ነበር" አላት። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ የሚል ሰው ምን ጊዜም ከዚያ በኋላ ሙት ይወቅሳል። ቀጥሎም መጪው ቅዳሜ የመጨረሻው እንደሆነ፣ ፀጉር ካልተገኘ የቡድኑ መሪ ያንን ጫካ ከሚጠበቁት ውስጥ እንደምታወጣውና ዛፍ ቆራጮቹ እንደሚገቡ ነገራት።

ድመቱ ለሰፊዋ ምኗም አይደለም፤ ዛፉም እንዲሁ። ግን ባሏን ውሸታም ብለው ፋይሉን ሊዘጉበት ነው። ዚፑን ሰፍታ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና "ቅዳሜ እኔ እወጣለሁ" አለችው።

ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ይህን ሲሰማ ጉድ አለ። የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ነገር ሁሉ ይቀለዋል። "እትዬ፣ አንቺ እኮ ጥግ ላይ ያለው ዳቦ ቤት ለመሄድ ታክሲ የምትጠሪ ሰው ነሽ!" አላት። አልሳቀችም። ሳቁን ዋጠና አብሯት ሊሄድ ተስማማ። የሟቹን ቦት ጫማ ካልሲ ደራርባ አደረገች፤ ያም ሆኖ እግሯ ውስጡ ይዋኛል።

የቡድኑ መሪ የጥርስ ሐኪም ናት። ከእሳት አደጋ ጣቢያው ጀርባ ባለችው ክፍላቸው ትንሽ ላስቲክና ወረንጦ ሰጠቻቸውና ደንቡን እንደ ልጅ አስጠናቻቸው። "ዱካ ስታገኙ ወደሄደበት እንዳትከተሉት። ወደመጣበት ነው የሚኬደው። ከኋላው ሰው ከመጣበት ይሮጣል፤ በዚህ ብርድ በሩጫ የጨረሰውን ጉልበት የሚተካበት ምግብ የለውም። ምንም ነገር ትታችሁ እንዳትመጡ። ለአውሬ አንዲት ነገር ያስቀመጠ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከቡድኑ ይባረራል።"

ጫካው ዝም ብሎ ነጭ ነው። ሰፊዋ አልበረዳትም፤ ይልቁንም ጣቶቿ መኖራቸውን ረስታለች። ረፋዱ ላይ ከወንዙ ዳር ዱካውን አገኙት፤ ክብ፣ የጥፍር ምልክት የሌለው፣ በአንድ መስመር ላይ የተሰካካ። ሾፌሩ "ይኸውልሽ! እንያዘው!" ብሎ ሊሮጥ ሲል የካፖርቱን ጫፍ ያዘች።

"ወደኋላ።"

"ኧረ እትዬ! ዕድሜዬን በሙሉ ወደፊት ነው የነዳሁት፤ ወደኋላ ስሄድ ረዳት ያስፈልገኛል" እያለ ተከተላት።

ዱካው በወደቀ ግንድ ላይ አልፎ፣ በቁጥቋጦው ሥር ሾልኮ፣ ከተተወ የውሃ ፓምፕ ቤት አደረሳቸው። የግድግዳው ግርጌ ተቦርብሯል፤ ዱካው ከዚያ ቀዳዳ ነው የወጣው። ሰፊዋ ተንበርክካ በስልኳ መብራት አየች። ድመቱ የለም። አንድ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ መሃሉ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ሰርጉዶ ተቀምጧል።

ጨርቅ አይደለም፤ ሹራብ ነው። አረንጓዴ ሹራብ፣ የግራ እጁ ጫፍ ብቻ ቡናማ። ክሩ አልቆባት በሌላ የጨረሰችው እሷ ራሷ ናት።

ሾፌሩ ከትከሻዋ በላይ ጎንበስ ብሎ አየና "የወንድሜ ሹራብ..." አለ። ወዲያው ድምፁ ተለወጠ። "በኔ አውቶቡስ ላይ ረሳሁት አላለም እንዴ? በየወንበሩ ሥር በደረቴ እየተሳብኩ ፈልጌለት! እሱም እኮ አብሮኝ እየፈለገ ነበር! እያንዳንዱን ወንበር፣ 'እዚያ ጋ አየኸው?' እያለ!"

እሷም አስታወሰች። "ራስህንስ አልረሳኸውም?" ብላው ነበር። ሳምንት ሙሉ አኩርፋው፣ ሳህኑን እያስጠጋች አፏን ሳትከፍትለት። ቻለው።

ሹራቡ ላይ ያለው ፀጉር ለአንድ ቡድን አይደለም ለአሥር ይበቃል። ሁልጊዜም እዚህ ነበር። አንዲት ክር ፀጉር ቢያመጣ "የት አገኘኸው?" ይሉታል፤ ከተናገረ ተባረረ፤ ከተባረረ ጫካውን የሚያይለት የለም። እና ውሸታም መባሉን መረጠ።

ፀጉሩን በወረንጦ ለቀመች። ሹራቡን አልነካችም። ብብቱ ሥር ተተርትሯል፤ ልትሰፋው ቃጣትና ተወችው።

ሲመለሱ ሾፌሩ "እሾህ ላይ አገኘነው እንበል" አላት። "ስሙ ንጹሕ ይሁን። ማን ያውቃል?"

ላስቲኩን አጥብቃ ቋጠረችው።

ሐኪሟ ላስቲኩን ወደ መስኮቱ አንስታ ብዙ ቆየች። ፀጉሩን በጥርስ ማያ መነጽሯ ደጋግማ አየችው። "ምርመራ ይላካል" አለች ቀስ ብላ፣ "ግን የቤት ድመት እንዲህ ዓይነት ፀጉር የለውም። የት አገኛችሁት?"

ሾፌሩ አፉን ሲከፍት ሰፊዋ ቀደመችው።

"ሹራብ ላይ ነው፣ ዶክተር። የባለቤቴ ሹራብ። ለድመቱ አንጥፎለት ነው።"

ሐኪሟ ላስቲኩን ከመስኮቱ አወረደች።

"ለእናንተ አልዋሸም" አለች ሰፊዋ። "የዋሸው ለኔ ነው።"

ሐኪሟ ተቀመጠች። "ደንቡ እኮ..."

"አውቃለሁ። አባሩት። አሁን ከየት እንደምታባርሩት እንጃ እንጂ አባሩት። ድመቱን ግን አለ በሉለት።"

ሐኪሟ የጫካውን ፋይል ሳበችና ብዕሯን አነሳች። ከዚያ "አለ" አለች። "ጫካውም ይቆያል።"

ሾፌሩ ባዶውን አውቶቡስ አስነስቶ፣ ማሞቂያውን ከፍቶ፣ ከኋላው ወንበር ላይ አስቀመጣት። ጥቂት እንደሄዱ ሙቀቱ ጣቶቿ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ ወጋቸው፤ ቀጥሎ አቃጠላቸው። ሁለቱንም እጆቿን ብብቷ ሥር ከታ ጎንበስ አለችና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

"እትዬ? ምነው?"

"እጄ ነው" አለች። "እጄን ነው ያመመኝ።"

የኋላ ማሳያ መስታወቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞረና፣ በቤቷ በር ሳይቆም ከተማውን እንደገና ዞረላት።