ለሃሺ የተበየደችው ሬዚስታንስ

ፋርቱንን እንደ ሻምበል ወልደጻድቅ ያንገሸገሻት ሰው የለም። ሰውዬው ከአሰብ ድረስ የመጣው መሣሪያ ሊያስጠግን ነው፤ ግን ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ያለችው የሬዲዮ መጠገኛ ሱቋ በር ላይ ተገትሮ ስለ አብዮቱ በዓል ይሰብካል። ወደቡ ላይ የሰጠመ ጀልባ አለ። ለበዓሉ ካልወጣ ሻምበሉ በአለቆቹ ፊት አንገቱን ይደፋል። ጠልቆ የሚያወጣው ደግሞ የባሕር ኃይሉ ጠላቂ ሃሺ፣ የገዛ ታናሽ ወንድሟ ነው።

ሃሺ የሚጠልቅበት መሣሪያ አንድ ብቻ ነው፤ አረፋ አይተፋም። ያወጣውን ትንፋሽ አጣርቶ መልሶ ይሰጠዋል፤ የጎደለውን ኦክስጅን ሃሺ ራሱ ጠቋሚውን እያየ ይጨምራል። ካነሰ ራሱን ይስታል። ከበዛ ውኃ ውስጥ ያንዘፈዝፈዋል፤ ከዚያ ወዲያ መውጣት የለም። ኦክስጅኑን ለክቶ ለጠቋሚው የሚናገረውን የሴንሰሩን ሽቦ ጨው በልቶት ነበር። ፋርቱን ሽቦውን ቀየረች፤ እግሯ የተበላችውንም ሬዚስታንስ፣ የኤሌክትሪኩን ልክ የምትወስነውን ፍሬ፣ በዚያ የድሬ ቀትር ሙቀት ለክታ አቻዋን በየደች። ጠቋሚው የሱቁን አየር የኦክስጅን ልክ በትክክል አሳየ። ሻምበሉ አጨበጨበ።

ከሻምበሉ ጋር የመጣው ሃሺ ለስላሳ ሊያቀዘቅዝ በረዶ ገዝቶ መጣና የበረዶውን ሳፋ ጠረጴዛው ላይ፣ ሴንሰሩ አጠገብ አስቀመጠ። ትንሽ ቆይታ ፋርቱን ቀና ብትል ጠቋሚው ወርዷል። አየሩ ያው የድሬ አየር! ክው አለች። የድሮዋ ሬዚስታንስ ከሙቀቱና ከቅዝቃዜው ጋር አብራ የምትለዋወጥ ነበረች፤ እሷ የተካችው ግን የማትለወጠውን ነው። ባሕር ሥር ሲቀዘቅዝ ኦክስጅኑ ሞልቶ ሳለ ጎደለ ሊል ነው። ሃሺም አምኖት ይጨምራል።

“ተሳስቻለሁ” አለች። “ይሄ ከዚህ አይወጣም። ትክክለኛዋ ሬዚስታንስ ከጅቡቲ በባቡር ትምጣ።”

“በዓሉ ባቡር አይጠብቅም” አለ ሻምበሉ።

“አባዮ፣ እህቴ፣ ግዴለም፣ እጠነቀቃለሁ” አለ ሃሺ። ሻምበሉን ፈርቶ ነው፤ እህቱ አታጣውም።

“አንተ ዝም በል!” ወደ ሻምበሉ ዞረች። “አንተም ስማ። ወላሂ አልሰጥህም።”

“እኔን ነው አንተ የምትይው?”

“ድሬ ነው ያለኸው። እዚህ ሁሉም አንተ ነው።”

ሻምበሉ እጁን ወደ መሣሪያው ሰደደ። ፋርቱን ቀደመችው፤ ሴንሰሩን ነቅላ መሬት ላይ ጣለችና በመዶሻ ደቆሰችው።

“አሻጥር!” ብሎ ሻምበሉ ጮኸ። ያኔ ይህች ቃል ሰው ታስበላ ነበር።

“ያሻህን በለው። እኔን እሰር። ወንድሜን ግን ባሕር አትከትም።”

ከሻምበሉ ጋር የመጡ ሁለት ወታደሮች እጇን ጠምዝዘው ደጅ የቆመው ጂፕ ላይ ወረወሯት። ፈርታለች። መኪናው ሲነሳ ሃሺ ስሟን እየጠራ ከኋላ ሮጠ። አቧራውን እየዋጠ ሲያለከልክ፣ አየር እየሳበ ሲያወጣ ሰማችው። የድሬን ሰው ሁሉ እያየች፣ ወታደሮቹ መሐል ቀና ብላ ተቀመጠች።