አሥራ አንዱ ወፍጮዎች

በሁለት ሺህ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ግንቦት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ በእንጅባራ ዙሪያ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለ። ነፋሱ ትልቅ ባሕር ዛፍ ገንድሶ በኤሌክትሪክ መስመሩ ላይ ጣለውና ከዘንገና እስከ ጥርባ ማዶ ያለው አገር ሁሉ መብራት አጣ። በዚያው ማዶ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ያለ ቀኗ የተወለደች ሕፃን ማሞቂያ ውስጥ ተኝታ ነበር። አዋላጇ ይታይሽ ስልክ ደውላ የጄኔሬተሩ ነዳጅ ከአንድ ሰዓት እንደማያልፍ ለአቶ ዓለምነው ነገረቻቸው።

አቶ ዓለምነው ሠላሳ ዓመት ምሰሶ ሲወጡ የኖሩ የመስመር ሠራተኛ ናቸው። በእንጅባራው የመብራት ኃይል ቢሮ አጠገባቸው የተቀመጠችው ሚልካ ደግሞ ከመጣች አራት ወር ያልሞላት መሐንዲስ ነች። በኮምፒውተሯ ላይ ያለው ስሌት፣ መስመር ሲበጠስ የትኛው የመስመር ማብሪያ እጀታ ወርዶ የትኛው ቢነሣ ብዙ ሰው ፈጥኖ መብራት እንደሚያገኝ፣ በሺህ የሚቆጠሩ መንገዶችን አመዛዝኖ የሚሻለውን ይመርጣል። ያን ቀን ኃይሉ ከዳንግላ ዞሮ እንዲመጣ መረጠ፤ የዳንግላውም መስመር ጭነቱን እንደሚችል አረጋገጠ።

እጀታው ተነሣ። መብራት መጣ፤ ወዲያውም ሄደ። ቢደግሙትም ያው ሆነ።

ሚልካ ስሌቷን ከላይ እስከ ታች መረመረች፤ እንከን አጣችበት። አቶ ዓለምነው ምክንያቱን ያውቁታል፤ ነገር ግን ፊደል የቆጠሩት ጎልምሰው ነውና በተማረ ፊት መናገር ይከብዳቸዋል። ሰዓቱን አዩ፤ አርባ ደቂቃ ቀርቷል።

«ልጄ፣ መብራት ሲሄድ ባለወፍጮ ምን እንደሚያደርግ ይኸ ማሽንሽ ያውቃል?» አሉ።

«ምን ያደርጋል?»

«ምንም። የሞተሩን እጀታ እንደ ተነሣ ትቶት ደጅ ይቀመጣል። መብራት መምጣቱን የሚያውቀው ሞተሩ ሲጮህ ነው።»

ከዚያም ቀስ ብለው አስረዷት። ዛሬ ገበያ ነው፤ በዚህ መስመር ላይ ያሉት አሥራ አንዱም ወፍጮዎች እህል ተሞልተው ቆመዋል፤ መብራት ሲመጣ ባንድ ላይ ይነሣሉ፤ ሞተርም ሲነሣ ሲሠራ ከሚፈልገው አምስት እጥፍ ኃይል ይጎትታል፤ መስመሩን የሚጥለውም ይኸው ነው።

ሚልካ ወደ እሳቸው ዞረች። «ጋሼ፣ እስከ ዛሬ ለምን አልጻፉትም?»

«በምንሞላው ቅጽ ላይ ለእሱ የተተወ ቦታ የለም።»

የነገሯትን አስገብታ እንደገና አሰላች። ስሌቱ ጤና ጣቢያውንና የውኃ ፓምፑን አስቀደመ፤ የወፍጮዎቹን ቅርንጫፍ መስመር መጨረሻ ላይ አደረገ፤ ወፍጮዎቹም አንድ በአንድ እንዲነሡ አዘዘ። አቶ ዓለምነው ለባለወፍጮዎቹ በየተራ እየደወሉ እጀታቸውን እንዲያወርዱና ተራቸውን እንዲጠብቁ ለመኗቸው። ያስቸገረው ቢሻው ብቻ ነበር።

«አጅሬ፣ እኔን ዘጠነኛ? መብራትም በወረፋ ሆነ?»

«አንዲት ሕፃን ትቀድምሃለች፣ ቢሻው።»

በስልኩ ውስጥ እጀታ ሲወርድ ተሰማ። «እንግዲያስ አወረድኩት፤» አለ።

እጀታው ለሦስተኛ ጊዜ ተነሣ። አንድ ደቂቃ አለፈ፤ አምስት አለፈ፤ መስመሩ ጸና። ይታይሽ ደውላ ማሞቂያው በመብራት እየሠራ መሆኑን፣ ሕፃኗም እጇን እየጠባች መሆኑን ነገረቻቸው። አቶ ዓለምነው ወንበር ስበው ተቀመጡና እጀታውን እንዲያነሣ ለመጀመሪያው ባለወፍጮ ደወሉ፤ ሚልካም የእያንዳንዱን ወፍጮ ስም እየጠየቀቻቸው መጻፍ ጀመረች።