ያልታሰረው ቀይ ክር

"የዚህን ግቢ ሸረሪት ሁሉ ከነዘመድ አዝማዱ አውቀዋለሁ!" አለች ልጅቷ፣ የሻይ ትሪዋን ይዛ በለቀስተኞቹ ጉልበት መሀል እየተሽሎከለከች። "አባባ እንኳ ወሬያቸውን የሚጠይቁት እኔን ነበር።"

ልብስ ሰፊው አያቷ፣ አባባ፣ ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ጥግ ይዘው የተቀመጡ ሁለት ሴቶች "ለዚችስ ምላስ እንጂ እንባ አልሰጣትም" ተባባሉ፣ ያንሾካሾኩ መስሏቸው። ሰምታለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን መልሱ አይጠፋትም ነበር፤ ዛሬ ግን ዋጥ አደረገችው።

ጎረቤታቸው፣ ጡረታ የወጡት የሳይንስ መምህር፣ ብርጭቆውን እየተቀበሉ "ያቺ አያትሽ ሲጠብቋት የነበረችው ሸረሪትስ፣ ፈለፈለች?" አሏት።

"እንዴታ! ሰባት ልጆች!"

"ሰባት?" መምህሩን ሻዩ ትን ሊላቸው ነበር። "ድመት አረግሻት እንዴ? ከአንድ የእንቁላል ከረጢት እኮ መቶም ሁለት መቶም ነው የሚወጣው። አያትሽ ይህን ሳይነግሩሽ ቀርተው ነው?"

ሰዉ በለቅሶ ቤት ወግ አፉን ይዞ ሳቀ። የልጅቷ ፊት ግን ከሻዩ ብሶ ጋለ። አባባ ይህን ያውቁ ነበር ማለት ነው። ሰባት ስትላቸው።

አባባ ዕድሜ ልካቸውን ከስፌት መኪናቸው ቀና ያሉ እንደሆነ ማረፊያቸው ጓሮው ነበር። የሸረሪቶቹን ድር በመነጽራቸው አናት እያዩ "ያለ ሜትር፣ ያለ መቀስ! እኔን ምን ብለው ነው ልብስ ሰፊ የሚሉኝ?" ይሉ ነበር። ሳንባቸው ታሞ አልጋ ሲይዙ፣ አንዲት ሸረሪት ከጽጌረዳው ላይ ቅጠል በድሯ ጠቅልላ፣ የእንቁላሏን ከረጢት ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። አባባ ከትራሳቸው ሥር ቀይ ክር አውጥተው ሰጧት።

"እንዳይጠፋሽ ቅርንጫፉ ላይ እሰሪበት። በየቀኑ እያየሽ ትነግሪኛለሽ። ልጆቿ ሳይወጡ እኔ የትም አልሄድም።"

ከአልጋው እስከ ጽጌረዳው ቢበዛ አስር እርምጃ ነው። እሷ ግን ደጃፉ ላይ ስልኳን እየነካካች ትቆይና ትመለሳለች።

"እህ፣ ሬዲዮ! የዛሬው ዜና?" ይሏታል። በወሬዋ ብዛት ያወጡላት ስም ነው።

"እናትየው ዛሬ አኩርፋለች። ዝንብ አጠገቧ አርፎ እንኳ ዞር ብላ አላየችውም።"

አንድ ቀን ጓደኞቿ ከበር እየጠሯት ሳለ ዜናው ሰለቻት። "ወጡ፣ አባባ! ሰባት ናቸው!" ብላ ተገላገለች። አባባ ትክ ብለው አዩዋት። "ተመስገን" አሉ። በማግስቱ ጠዋት አረፉ።

ትሪዋን መሬት አስቀምጣ ወደ ጓሮ ሮጠች። ቅጠሉን ለማግኘት ጽጌረዳውን ሁለቴ ዞረችው፤ ምልክት የለውማ። እሾሁ እጇን ሲቧጭራት ነው ያየችው። ከረጢቱ ተቀዷል። እናትየው ከስታ፣ እግር ብቻ ሆና፣ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ ልጆቿ ድሩን ሞልተውት ይርመሰመሳሉ። መቁጠር ጀመረች። ሰባት ላይ ስትደርስ ዓይኗ በእንባ ተጋርዶ መቀጠል አቃታት።

"ምን ሆነሽ ነው?" አሉ አያቷ እማማ፣ ከኋላዋ ደርሰው።

"እማማ... አባባን የገደልኳቸው እኔ ነኝ።" እያለቀሰች ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ስልኩን፣ ጓደኞቿን፣ ሰባቱን። "ሳይወጡ ወጡ አልኳቸው። ለዚህ ነው ጥለውን የሄዱት።"

 እማማ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ቀይ ክር አወጡ።

"ቀሚስሽን ሳጥብ ያገኘሁት ነው። ገና በሁለተኛው ቀን። ከዚያ ወዲህ ሸረሪቷን እያየሁ የምነግረው እኔ ነበርኩ።"

"እና... አባባ ያውቁ ነበር?"

"ካንቺ ዜና የሚፈልግ መሰለሽ? ሰባት ብለሽው የወጣሽ ጊዜ ሳሉ እስኪነሳበት ሳቀ። 'ሬዲዮዋ ዛሬ ደግሞ ቆጠራ ጀመረች' አለኝ።"

ልጅቷ ክሩን ተቀበለች። ከቅጠሉ በላይ ቅርንጫፉ ላይ አሰረችው፤ እንዳይፈታ ደግማ ቋጠረችው።

"ግን እማማ፣ ምናልባት በእኔ ውሸት ቢሆንስ የሞቱት?"

"ወግጂ!" አሉ እማማ፣ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ። "አስር እርምጃ መራመድ የከበዳት ልጅ ደግሞ ሰው ልትገድል!"