ርግብ የሌለው ዳኛ

እፎይ ብያለሁ። ለስድስት ዓመት ደረቴ ላይ ተቀምጦ የኖረ ነገር ባለፈው ሐሙስ ወርዶልኛልና እንዴት እንደወረደ ልንገራችሁ። ስሜንና ሰፈሬን ግን አትጠይቁኝ፤ እሱን ለእናንተም አልናገርም።

በዮርዳኖስ ዋና ከተማ በአማን፣ በየኮረብታው ጣሪያ ላይ ርግብ የምናበር ሰዎች መልካም ስም የለንም። ርግበኛ ሲምል ይዋሻል፣ ምስክርነቱ አይታመንም፣ ልጅም አይዳርለትም ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ስለዚህ የርግብ ጠብ ፖሊስ ጣቢያ አይሄድም፤ የሚመጣው እኔ ጋ ነው። አራት ሺህ አባል ያለው የርግበኞች ግሩፕ አድሚን ነኝ። እዚያ አቡ ሪሽ፣ የላባ አባት፣ ይሉኛል። የማን ርግብ ማን ጣሪያ ላይ እንዳረፈች፣ የያዛት ሰው ያስቀራት ወይስ ይመልሳት እንደሆነ እኔ እፈርዳለሁ፤ ፍርዴም ይከበራል።

የማይከበርበት ቀን እንደሚመጣ ግን አውቅ ነበር። አንዲት ርግብ እንኳ የለኝማ! ከስድስት ዓመት በፊት አርባ ሦስት ነበሩኝ። የባለቤቴ የነዚሃ ሳንባ በላባቸው ብናኝ ታመመና ሐኪሙ ወይ ወፎቹ ወይ እሷ አለኝ። ሸጥኳቸው። ለሚስቱ ሳል ብሎ ርግቦቹን የሸጠ ሰው በርግበኞች ዘንድ ምን እንደሚባል አሳምሬ አውቃለሁ፤ ድሮ እኔም ስል ነበር። ግሩፑን የከፈትኩት በዚያው ሰሞን ነው፤ እጄ ቢቦዝን አፌ እንኳ እንዳይቦዝን ብዬ።

የማንነቴ ጥያቄ በየጊዜው ይነሳል። አንዱ ስንት ርግብ እንዳለኝ፣ ሌላው ማን እንዳስተማረኝ፣ ሌላው ከየትኛው ኮረብታ እንደሆንኩ ይጠይቃል። ሐኪም እንኳ የምስክር ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል ይሉኛል። ከነሱ የሚከራከሩት ደግሞ ተዉት፣ ጣሪያውን ያወቅን ቀን ለጎረቤቱ አደላ ማለታችን አይቀርም ይላሉ። እኔ መሐል ሆኜ ወሬውን ወደ ሌላ ጠብ አዞራለሁ።

ባለፈው ሳምንት የአል-ታጅ ኮረብታው ዙህዲ የጎረቤት ሰፈር የአል-ጆፋውን የሸውከትን ቀይ ርግብ ያዘ። ዙህዲ መኪና ጠጋኝ ነው፤ ክንዱ የኔን ጭን ያህላል። በሁለቱ መካከል የያዘ ይመልስ የሚል ስምምነት ነበረ። ዙህዲ ስምምነቱ ከረመዳን በፊት ፈርሷል ብሎ ድርቅ አለ። የሁለቱንም መልእክቶች አገላብጬ ሳይ፣ ሸውከት ከረመዳን በኋላ ለዒድ በዓል አንድ ነጭ ወንድ ርግብ መልሶለት ዙህዲም አመስግኖ ተቀብሏል። ፈርሶ ከነበረ ለምን ተቀበለ? መልስ ብዬ ፈረድኩ።

ያን ጊዜ ዙህዲ አራት ሺህ ሰው በሚሰማው የድምፅ መልእክት ማለ። «ፊቱንና ጣሪያውን ባላየሁት ሰው ቃል ይቺን ርግብ ብመልስ ሚስቴ ፈት ትሁን!» አለ። ሸውከትም አርብ ከወንድሞቹ ጋር መጥቶ እንደሚወስዳት ጻፈ።

ረቡዕ ማለዳ አንዲት ሴት በግል ጻፈችልኝ። የዙህዲ ሚስት ኢቲዳል ነበረች።

«አጎቴ፣ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ በእኔ ምሎ ሁለቱንም አፍርሷል፤ ሼኩም እንደ ሁለት ፍቺ ቆጥረውብናል። ይሄ ሦስተኛው ነው፤ ከሦስት በኋላ መመለሻ የለንም። ርግቧን ቢሰጥ እኔ ከቤቴ እወጣለሁ፤ ባይሰጥ አርብ ደም ይፈሳል። እርስዎ ፊትዎን ቢያሳዩት ምን ይጎድልብዎታል?»

ምን እንደሚጎድልብኝማ አውቃለሁ። ዙህዲ ባዶ ጣሪያዬን አይቶ ይሄዳል፤ በማግስቱ አራት ሺህ ሰው ይስቅብኛል፤ የፈረድኳቸው ፍርዶች ሁሉ መሳቂያ ይሆናሉ፤ እኔም ሶፋ ላይ የተጎለተ ጡረተኛ ሆኜ እቀራለሁ። ፈራሁ፣ አልዋሽም። በሴትየዋም ተናደድኩ። ቀኑን ሙሉ በትንሹም በትልቁም ስነጫነጭ ዋልኩና መጨረሻ ላይ ነገሩን ለነዚሃ ነገርኳት። እሷ ሽንኩርቷን መክተፍ እንኳ አላቆመችም።

«እኔን በአርባ ሦስት ርግብ አልለወጥከኝም» አለችኝ። «የሰው ሚስት በአንዲት ርግብ ስትለወጥ ቁጭ ብለህ ልታይ ነው?»

ለዙህዲ አድራሻዬን ላክሁለት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት መልስ መጣ። በሬን ሞላው። ሰላምታውን ቆጥቦ ሰጠኝ፣ ሻይ አልጠጣም አለ። ይዤው ደረጃውን ወጣሁ። ጣሪያዬ ላይ ያሉት የውሃ በርሜሎች፣ የሳተላይት ሳህኖችና የነዚሃ የልብስ ገመድ ናቸው። ዙህዲ ዞር ዞር ብሎ አየ፤ ከበርሜሎቹ ጀርባ ሳይቀር ፈለገ።

«ርግቦችህስ?»

«የሉኝም።»

«ትቀልዳለህ?»

«ሸጥኳቸው። ባለቤቴን ሳንባዋን አመማት።»

ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። ሳቁ መጣ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሱ ግን አልሳቀም። ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ «ተመልሰው አልመጡም?» አለኝ።

ይህን የሚጠይቅ ርግበኛ ብቻ ነው። ሌላው ሰው የተሸጠ ነገር የሄደ ይመስለዋል።

«ሰባቱ መጡ» አልኩት።

«ምን አደረግካቸው?»

«በመጥረጊያ እንጨት አባረርኳቸው። ሦስት ቀን ሙሉ። እዚያ በርሜል ላይ እያረፉ ያዩኝ ነበር። በአራተኛው ቀን አልመጡም።»

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለነዚሃም። እንባዬ ቀደመኝ። ዙህዲ እንዳያየኝ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ከታች ነዚሃ ስታስል ተሰማን።

«እኔ ደግሞ በሚስቴ ማልኩ» አለ። «ለአንዲት ቀይ ርግብ።»

«አዎ» አልኩት። ላጽናናው አልፈለግሁም።

ወደ እኔ ዞረ፤ አሁን ግንባሩ ተፈቷል። «ፊትህንም ጣሪያህንም አይቻለሁ፤ መሐላዬ ወርዷል» አለኝ። «ግን አንተ ሰውዬ፣ ርግብ ያለን ሁሉ ከጎረቤታችን ጋር ጦር የተማዘዝን ነን። አንተ ርግብ ታውቃለህ፣ ጎረቤትህ ደግሞ ጠላትህ አይደለም። ከዚህ የተሻለ ዳኛ ከየት ይመጣል? ምነው ደብቀህ እስካሁን ስታናድደን ኖርክ?»

እኔ እንደ ነውር ስሸሽገው የኖርኩትን እሱ ሹመት አደረገልኝ። የበርሜሉ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወርደን ሻዩን ጠጣ፤ እንዲያውም ሁለት ብርጭቆ።

ለማንም እንዳይናገር አልለመንኩትም፤ መለመን አስጠልቶኝ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ግሩፑ ላይ ጻፈ። የአቡ ሪሽን ፊትም ጣሪያም አይቻለሁ፣ ርግቧ ቤቷ ገብታለች፣ ማንነቱን ማወቅ የሚፈልግ መጀመሪያ ከእኔ ጋር ይነጋገር ይላል። የዙህዲን ክንድ የሚያውቁ ጥያቄያቸውን ወዲያው ሰረዙ። ሸውከትም አርብ ከወንድሞቹ ጋር መምጣቱ አልቀረም፤ የመጣው ግን ክናፋ የሚባለውን የአይብ ጣፋጭ ተሸክሞ ነው አሉ። ያ ጣፋጭ ባለበት ደግሞ ጠብ አይኖርም።

ቀጥሎ የኢቲዳል መልእክት ደረሰኝ።

«አጎቴ፣ አላህ ይስጥልኝ። ርግቧን በገዛ እጁ አድርሶ መጣ። ከዚያ ፊቴ ቆሞ፣ ከእንግዲህ በፍቺ ብምል ሚስቴ ፈት ትሁን ብሎ ማለልኝ።»

ለነዚሃ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሳሏ እስኪነሳ ድረስ ሳቀች፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳሏን ሳልፈራው አብሬያት ሳቅሁ።