«ተረፈ ይውጣ»

ጋሽ ተረፈ እንደሚሉት፣ በ1969 ዓ.ም. የቀበሌው አዳራሽ በሰው ተጨናንቆ ሳለ ኪሩቤል ከመድረኩ ጎን ብድግ ብሎ፣ ጣቱን ወደ እሳቸው ቀስሮ «ተረፈ ይውጣ!» አለ። ይውጣ ማለት ወደ ፊት ይውጣ፣ ይጋለጥ ማለት ነው። ወጡ፤ ታሰሩ። እስር ቤት እያሉ እናታቸው ሞቱ።

ጋሽ ኪሩቤል እንደሚሉት፣ ያን ቀን ብድግ ብለው «ተረፈ ይውጣ» ማለታቸው እውነት ነው። ጣት ግን አልቀሰሩም። ይውጣ ያሉትም ከተጠርጣሪዎቹ መሃል ይውጣ፣ ወደ ቤቱ ይሂድ ለማለት ነበር። መሣሪያ የያዙት ሰዎች ናቸው በሌላ የወሰዱት።

የሁለቱም ድምፅ ስልኬ ውስጥ አለ። ይልቃል እባላለሁ። እዚሁ ኦስሎ ተወልጄ ሮመን በሚባል ሰፈሯ ያደግሁ፣ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ የማጠና ሰው ነኝ። የማስተርስ ጽሑፌ ስለ 1966ቱ አብዮት ነው። ንጉሥ ወርዶ፣ መሬት ተወርሶ፣ ወጣቱ በፓርቲ ተከፋፍሎ ሲጫረስ አገሪቱ እንዴት ሌላ አገር እንደሆነች እጽፋለሁ። አብረውኝ ከሚማሩት አንዳንዶቹ ጀርመን ኖርዌይን ስለወረረችበት ዘመን ይጽፋሉ። የእነሱ አያቶችም ተካክደዋል። ግን ከጦርነቱ በኋላ ማን ከማን ጋር እንደነበር ፍርድ ቤት ቁጭ ብሎ ሰምቷል። በእኛም አገር ትልልቆቹ ተከሰዋል፣ ተፈርዶባቸዋል። አንድ የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ የተባለች አንዲት «ይውጣ» ግን እስከዚያ አልደረሰችም።

ሁለቱ ያደጉት አንድ ሰፈር ነው። አንዱ አንደኛው ፓርቲ ገባ፣ ሌላው ሌላኛው። ከዓመታት በኋላ በየፊናቸው ተሰደው ኦስሎ ላይ ተገናኙ። ቤተ ክርስቲያን አንዱ ከፊት ከቆመ ሌላው በሩ አጠገብ ይቆማል። እዚህ ስም ተጠራርተው አያውቁም። ጋሽ ተረፈ «ያ ባንዳ» ይላሉ፣ ጋሽ ኪሩቤል «ያ አናርኪስት»። ያኔ ፓርቲዎቹ የሚሰዳደቡባቸው ቃላት ነበሩ። በዚህ ከተማ እነዚህን ቃላት ከሁለቱ ሌላ የሚጠቀምባቸው ሰው አላውቅም።

ባለፈው ጥር ጋሽ ተረፈን ስትሮክ መታቸው። እግራቸው ዳነ፣ ግራ እጃቸው እንደሰነፈ ቀረ፣ ኖርዌጂያንኛቸው ግን አልተመለሰም። ከሄልስፊር አውቶቡስ ሲነዱ ከተሳፋሪ ጋር የሚቀልዱበት ቋንቋ «ታክ» ከምትለው ምስጋና በቀር ጠፋ። ኋላ የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ ሊሄድ ይችላል አለኝ ሐኪሙ። ሚስትም ልጅም የላቸውም፤ እኔ የጎረቤት ልጅ ነኝ። ረዳቶቹ ይመጣሉ፣ ፈገግ ይላሉ፣ ያልሰሟቸው እየመሰላቸው ጮክ ብለው በኖርዌጂያንኛ ያወሯቸዋል፣ መድኃኒታቸውን ሰጥተው ይሄዳሉ። እኔ ስደርስ ጋሽ ተረፈ ጃኬቴን ሳላወልቅ ይጀምራሉ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ፎቁ ሊፍት፣ ስለ ዳቦው። ወሬው ሳምንቱን ሙሉ ሲጠራቀም የከረመ ነው።

ብቻቸውን መኖር እንደማይችሉ ሲታወቅ ቢዴሉ፣ ማለትም ክፍለ ከተማው፣ ሁለት የአረጋውያን ቤት አቀረበላቸው። አንደኛው ከተማው ማዶ ነው። ክፍሉ ሰፊ፣ መስኮቱ ባሕር የሚያይ፤ አማርኛ የሚያውቅ ግን አንድ ሰው የለበትም። ሁለተኛው እዚሁ ስቶቭነር ነው። እዚያ አማርኛ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፤ አምና የገቡት ጋሽ ኪሩቤል።

«ባሕሩ ይሻለኛል» አሉ ጋሽ ተረፈ።

«ባሕሩ አማርኛ ይችላል?»

«ባይችልም አይጠቁመኝም።»

በማግሥቱ ስቶቭነር ሄድኩ። ጋሽ ኪሩቤል ድምፁ የጠፋ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው የበረዶ ሸርተቴ ያያሉ።

«ያ አናርኪስት እዚህ ሊመጣ ነው አሉ?» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ።

«አልወሰነም። ቢመጣ ይከፋሃል?» ሳወራቸው «አንተ» ነው የምለው። እዚህ ተወልደን አንቱታው አፋችን ላይ አልጸናም።

«እዚህ ሁሉም ደግ ነው» አሉ። «ጠዋት ‹ሃይ ኪሩ!› ይሉኛል፣ እኔም ሃይ እላለሁ። ማታ ‹ሃ ዴ› ይሉኛል፣ ሃ ዴ እላለሁ። ከገባሁ ጀምሮ ግን በአማርኛ የሰደበኝ ሰው የለም።» የሳቁ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቁም።

ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ምን ለማለት እንደፈለጉ እንደገና ጠየቅኳቸው። የማውቀውን ታሪክ በማውቃቸው ቃላት ጀመሩ። ጣቱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ፈርቼ ነበር» አሉ። «ሁሉም እኔን ያየኛል፣ ቃሏ ከአፌ ወጣች። ይሂድ ማለቴ ነው፣ ይሂድ ማለቴ ነው እያልኩ ኖርኩ። አሁን የማስታውሰው ያን ቀን ያሰብኩትን ይሁን ኋላ ሳወራው የኖርኩትን... አላውቅም።»

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም።

«ይህን ልንገረው?»

«ንገረው። አሳምረህ እንዳትነግረው ግን።»

የቢዴሉ ሠራተኛ ጋሽ ተረፈ ቤት በምትመጣበት ቀን ቀድሜ ደርሼ ነገርኳቸው። ሳላሳምር፣ እንደሰማሁት።

«አላውቅም አለ?»

«አላውቅም አለ።»

«ኪሩቤል?» ስማቸውን ሲጠሩ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። «እሱ እኮ በውይይት ክበብ ስለ ቻይና ገበሬ ተጠይቆ እንኳ አላውቅም ብሎ አያውቅም! ቀርጸኸዋል?»

«አልቀረጽኩም።»

«ደግ አደረግህ።»

ከመስኮቱ ውጭ ባቡሩ ወደ ቬስትሊ አለፈ። ጋሽ ተረፈ የሰነፈችውን እጃቸውን በደህናዋ ያሹ ጀመር። ያቺ ቃል ለእሳቸው ክስ ብቻ አልነበረችም፤ እስሩ፣ የእናታቸው ሞት፣ ስደቱ ሁሉ መነሻው እሷ ናት። አሁን ያን መነሻ አንድ ሽማግሌ «አላውቅም» ብሎ ነቀነቀው።

«እውነቱን ቢሆንስ?» አሉ በመጨረሻ። «ወደ ቤቱ ይሂድ ማለቱ ቢሆንስ? ይህን ሁሉ ዘመን እኔ...» አልጨረሱትም።

«ላይሆንም ይችላል» አልኩ።

«የታሪክ ተማሪ!» አሉ እያሾፉ። «እናንተ ሁለቱንም ትጽፉና ትተኛላችሁ። እኔ ከአንደኛው ጋር መኖር አለብኝ።»

ደወሉ ተደወለ። ሠራተኛዋ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች፣ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ የአስተርጓሚዋ ድምፅ ከዚያ ወጣ።

«አባቴ፣ እንደምን አሉ? ጓደኛዎ ያሉበት ቤት እንዳለ አስበውበታል ወይ ነው የምትልዎት።»

«ማን ነው ጓደኛ ያለሽ? እኔ ጓደኛ አላልኩም!»

«ይቅርታ አባቴ፣ የሚያውቁት ሰው ለማለት ነው።»

«እሱም ያጠራጥራል።»

አስተርጓሚዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ተረጎመች። ሠራተኛዋ ወደ እኔ አየች፤ ትከሻዬን ከፍ አደረግሁ። ቀጥላ ረጋ ብላ አስረዳች። ቦታዎቹ አይቆዩም፣ ዛሬ መልስ ያስፈልጋል። ስቶቭነር ትንሽ ቤት ነው፣ ሁለቱ አንድ ገበታ ላይ ነው የሚበሉት። ቅር የሚላቸው ከሆነ ባሕሩ ጋ ያለው በጣም ጥሩ ነው፣ እንዲያውም ሰው የሚመኘው ነው።

ጋሽ ተረፈ ትርጉሙን እስከ መጨረሻው አዳመጡ። እኔን አላዩኝም፤ ሠራተኛዋንም አላዩዋትም። ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ስቶቭነር እሄዳለሁ በያት፣ ልጄ። ክፍሌ ግን ከእሱ ክፍል ራቅ ያለ ይሁን፤ ሲያንኮራፋ መስማት አልፈልግም።»