በማይኩ የገባው ሹክሹክታ

አባቴ በሰባ አንድ ዓመቱ «ላይቭ አልበም ላወጣ ነው» ሲል ቤተሰቡ ሁሉ ሳቀ። እናቴ ብቻ አልሳቀችም። «ሱቅ ደርሶ ሲመለስ እንኳ ሁለቴ የሚያርፍ ሰውዬ» ብላ ፊቷን አዞረች። እሱ ግን ካለ አለ ነው። ሰዉ «ሻካራው» የሚለው ለድምፁ ብቻ ሳይሆን ለጠባዩም ጭምር ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ እየደረሰ፣ ጊታሩን አንግቶ ሮክ ሲጫወት፣ የማንንም ምክር ሰምቶ አያውቅም።

የእኔ ሥራ ድምፅ ነው። ሌሎች የተጫወቱትን ተቀብዬ እያንዳንዱን መሣሪያ ለየብቻ አዳምጣለሁ፤ የጎላውን ዝቅ፣ የደከመውን ከፍ አድርጌ አንድ ላይ አዋህዳለሁ። የአባቴን ሥራ ግን ነክቼ አላውቅም ነበር። «ልጅ የአባቷን ድምፅ መቁረጥ የለባትም» ይል ነበር። ለዚህኛው አልበም ራሱ ደውሎ «አንቺ ሥሪው» አለኝ። ደስ አለኝና ለምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩትም።

ኮንሰርቱ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ አሮጌ አዳራሽ ተካሄደ። መቀመጫ ያጣው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። እኔ ከመቅጃው ኋላ ሆኜ ድምፁ እንዳይዘጋ፣ ጉልበቱ እንዳይከዳው ስሳቀቅ ቆየሁ። ሰዉ ቆሞ ሲያጨበጭብለት እፎይ አልኩ።

ሰኞ ጠዋት ስቱዲዮ ገብቼ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ልጁ ስለሆንኩ አይደለም፤ አልበሙ በውበቱ አስደነገጠኝ። በወጣትነቱ እየጮኸ ይዘፍናቸው የነበሩትን ዘፈኖች ፍጥነታቸውን ቀንሶ፣ ከድሮው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው እንደሚያወራ አድርጎ ይላቸዋል። «ደጁን ሳትዘጊ ሂጂ» የሚለው ዘፈን ድሮ ሴትዮዋን ገፍትሮ የሚያስወጣ ነበር። አሁን ግን ተመልሳ ከመጣች በሩ ክፍት እንዲሆንላት የሚለምን ሆኖ ተሰማኝ። ቃሉ ያው ነው፤ አንድ ፊደል አልተለወጠም። ሰለቸኝ ብዬ የተውኩትን ዘፈን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሰማሁት።

ከዚያ የሌላውን ሁሉ ድምፅ ዘግቼ የእሱን ማይክ ብቻ ከፈትኩ።

«ደጁን» አለ አንድ ሹክሹክታ። ወዲያው አባቴ «ደጁን ሳትዘጊ ሂጂ» ብሎ ዘፈነ። «ጎረቤት» አለ ሹክሹክታው። አባቴ የጎረቤቱን ስንኝ ቀጠለ። መጀመሪያ የአዳራሹ ማሚቶ መሰለኝ። ግን ማሚቶ ከኋላ ይመጣል እንጂ ከፊት አይመጣም።

የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ድምፅ ነበር። «ዝምታ» እንለዋለን፤ አርባ ዓመት አብሮት ሲጫወት መድረክ ላይ አንድ ቃል ተናግሮ ስለማያውቅ ነው። ሁልጊዜ ከድራሙ አጠገብ ይቆም የነበረው ሰው የዚያን ቀን አባቴ ትከሻ ሥር ቆሞ ነበር። እርጅና ያቀራረባቸው መስሎኝ ነበር።

አምስተኛውን ዘፈን ከፈትኩ፤ ሹክሹክታው አለ። ስድስተኛውም ላይ አለ። ሰባተኛው ላይ የመግቢያው ሙዚቃ ሁለት ጊዜ ተደጋገመ፤ አባቴ አልገባም። በኮንሰርቱ ዕለት እዚህ ላይ ወደ ዝምታ ዞር ሲል ሰዉ የሽማግሌዎች ቀልድ መስሎት ስቆ ነበር። ማይኩ ግን ሌላ ነገር ይዟል።

«ይሄ የማን ዘፈን ነው?» አለ አባቴ።

«ያንተ ነው። ለሚስትህ የጻፍከው ነው። ‹መስኮቱ› በል።»

ማዳመጫውን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና መልሼ ለማድረግ ፈራሁ።

ዝምታ ቀን ቀን ፎቶ ፍሬም የሚሠራባት ጠባብ ሱቅ አለችው። ስገባ መስታወት እየቆረጠ ነበር። ፊቴን አይቶ መቁረጫውን አስቀመጠ።

«ሰማሽው» አለኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ጋሼ?»

«ዓመት ሊሆነው ነው። እንዳልናገር አስምሎኛል።»

«እናቴስ ታውቃለች?»

«እናትሽማ ከእኔም በፊት ነው ያወቀችው።»

ሁሉም የሚያውቀውን እኔ ብቻ፣ በጆሮዬ እንጀራ የምበላው፣ አልሰማሁም።

ማክሰኞና ረቡዕ ሹክሹክታውን እየለቀምኩ አጠፋሁ። አልበሙን የሚያወጣው አሳታሚ በቀን ሁለቴ ይደውላል፦ «ዓርብ ይደርሳል አይደል? ሰባተኛዋን በተለይ አሳምሪያት።» አንድ ቃል ባጠፋሁ ቁጥር ዘፈኑ እየጠራ ሄደ። አባቴ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት መጥቶ ሊሰማው ነው። ሳያስታውሰው ቢቀርስ? «ይሄ የማን ነው?» ብሎ እኔን ቢጠይቀኝስ?

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ አልመጣም። ዘጠኝ ተኩል ላይ ደወልኩ፤ አያነሳም። እናቴ «ስምንት ሰዓት ነው እኮ የወጣው» አለችኝ። ደረጃውን ወርጄ መንገዱ ዳር ቆምኩ። ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር ወደ እሱ እራመዳለሁ። አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ከታክሲ ወረደ፤ ሸሚዙ በላብ ርሷል።

«ስቱዲዮሽ ድልድዩ ጋ አልነበረም እንዴ?»

«ከለቀቅነው ስድስት ዓመት ሆነው እኮ አባዬ።»

«ስድስት» አለ፤ ጫማውን እያየ። «እንግዲያው በሩን ስደበድብ የወጣው ሰውዬ እውነቱን ነበር።»

ውሃ ሰጥቼው አስቀመጥኩት። አልበሙን ከመጀመሪያው ከፈትኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጣቱ ጉልበቱን እየመታ ሰማ። አንዳንዱ ቦታ ላይ «ይቺ ጥሩ ነች» ይላል። ሰባተኛው ጀመረ። ግማሽ ሳይደርስ እጁን አነሳ። አቆምኩት።

«ዝምታ የት ሄደ?»

«ቤዙ አለ እኮ። ላጉላው?»

«ቤዙን አይደለም። አፉን ነው የምልሽ።»

«አባዬ… ታውቃለህ ማለት ነው?»

«የቱን እንደረሳሁ ነው የማላውቀው እንጂ፣ እንደረሳሁስ አውቃለሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?»

«ስንት ጊዜ ልነግርሽ ስልክ አንስቼ ስለ አየሩ አውርቼ ዘግቻለሁ። ሌላ ሰው ከሚሰማው አንቺ ስሚው አልኩ። ማይኩ ይንገርሽ ብዬ ነው ሥራውን የሰጠሁሽ።»

ያኔ አለቀስኩ። እሱ አላባበለኝም፤ ሲያባብል አያምርበትም። እስክጨርስ ጠብቆ «በይ መልሺው» አለኝ። «ሁሉንም። ከፍ አድርገሽ።»

«ሰው ያውቅብሃል።»

«ይወቅ። ያለ እሱ አልዘፈንኩትም፤ ያለ እሱ የዘፈንኩት አታስመስዪብኝ።»

ያጠፋሁትን ሁሉ ከዋናው ቅጂ መልሼ አስገባሁ። አሳታሚው «ስህተት ነው ይሉናል፣ ጉድ ሊያፈሉብን ነው» ብሎ ጮኸ። አባቴ «ካልፈለግክ ተወው» ብሎ ስልኩን ዘጋበት። የከፋው ግን ዝምታ ነበር። «የፍየል ድምፅ ይዤ በስተርጅና ልታስቂብኝ ነው?» ብሎ ሁለት ሳምንት ኮረፈኝ።

በመጨረሻ አሳታሚው እሺ አለና አልበሙ ከነሹክሹክታው ወጣ። አንዱ ጋዜጣ ላይ ሽማግሌው ማረፍ ነበረበት ብሎ ጻፈ። አንዲት የሬዲዮ አዘጋጅ ደግሞ ሰባተኛውን ዘፈን ሳታቋርጥ፣ ጥያቄውንም መልሱንም ጨምራ አስተላለፈችው። ከዚያ በኋላ ሰዎች ለእናቴ መንገድ ላይ ሰላምታ ያበዙላት ጀመር።

ሐኪም ዘንድ አራታችን ሄድን፤ ዝምታም ኩርፊያውን ትቶ መጣ። ሐኪሟ መድኃኒት አዘዘችና «ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም» አለችን። አባቴ «እኔም ዘፈኖቼን ያዘገየሁት ለዚህ ነው» ብሎ አሳቃት። እኛ አልሳቅንም።

አሁን በየጠዋቱ ሥራ ከመግባቴ በፊት እደውላለሁ። ስልኩ ከሦስት ጊዜ በላይ ከጮኸ ወደ እነሱ ቤት ለመሄድ እነሳለሁ። ዛሬ ስድስት ጊዜ ጮኸ። ጫማዬን በአንድ እግሬ እንዳጠለቅኩ ቁልፌን መፈለግ ጀምሬ ነበር። እናቴ አነሳችው።

አባቴ ጺሙን እየተላጨ ነበር።