ለቤተሰብ፦ ወደብ ስትደርስ ብቻ

እስቲ ጠጋ በሉ፣ ልጆቼ። ወንበር ያልደረሰው ምንጣፉ ላይ ይቀመጥ፣ ቦታ አይጠፋም። የማወራችሁ ስለ አንዲት ምራትና ስለ አማቷ ነው። በሁለቱ መካከል አንድ መርከበኛ አለ፤ ለአንዷ ባል፣ ለሌላዋ ልጅ።

ምራቲቱ የምትሠራው የጭነት መርከቦች ባሉት ድርጅት ውስጥ ነበር። ሥራዋ መልእክት ማከፋፈል ነው። ፖስተኛ ናት እንዳትሉኝ፤ የምታከፋፍለው ክላውድ በሚሉት፣ ሌላ ቦታ ተቀምጦ በኪራይ በሚሠራ ኮምፒውተር ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። መርከቧ ባሕር ላይ ሆና፣ እዚህ ደርሻለሁ፣ ንፋሱ እንዲህ ነው፣ ሞተሩ እንዲያ ነው ብላ አንድ መልእክት ትልካለች። ፈላጊው ግን ብዙ ነው፤ ወደቡ አለ፣ ነዳጅ ክፍሉ አለ፣ ጥገናው አለ። ለእያንዳንዱ እየዞረች አትናገርም። አንዴ ትናገራለች፣ መሃል ያለው ማከፋፈያ ለተመዘገበው ሁሉ የየራሱን ቅጂ ያደርስለታል። የአንዱ መውሰድ የሌላውን አያጎድልም። ሁሉም ሁሉን ስለማይፈልግ ደግሞ ለየተመዝጋቢው ማጣሪያ አለው፤ ጥገናው የሞተሩን ይሰማል፣ የቀረው አይደርሰውም።

የመርከበኞቹ ቤተሰቦችም ተመዝጋቢ ነበሩ፣ በስልካቸው ይደርሳቸዋል። ድሮ ሁሉም ነገር ነበር የሚደርሳቸው። አንድ ጊዜ ግን ማዕበል የሚል መልእክት ያነበበች የአንድ መርከበኛ ሚስት ራሷን ስታ ወደቀች። ይሄን ስትሰማ ምራቲቱ ለቤተሰቦቹ አዘነችላቸው። ለቤተሰብ አዲስ ማጣሪያ አበጀች፦ ወደብ ስትደርስ ብቻ። "በሰላም ገቡ የሚለውን ይስሙ፣ የመንገዱን ጭንቀት እኛ እንቻለው" አለች። ክፋት አልነበረባትም።

እሷ ግን ቢሮ ተቀምጣ ሁሉንም ታያለች። ጠዋት ገብታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ የባሏን መርከብ ትፈልጋለች። ስክሪኑ ላይ ያለችው ትንሽ ነጥብ ከትናንቱ ፈቀቅ ብላ ስታገኛት ደረቷ ቀለል ይላታል። በጣቷ ጫፍ ነካ ታደርጋታለች፣ ልክ ትከሻውን እንደምትነካው። መሃል ባሕር ላይ ስልክ አይሠራምና ናፍቆቷን የምታስታግሰው በዚህች ነጥብ ነበር።

አማቷስ ምን ነበራቸው? ያቺው ስልክ። ሲታጠቡ እንኳ በሚያዩዋት ቦታ ነው የሚያኖሯት። መርከቧ ረጅሙን መንገድ ይዛለች፤ ወደብ የለም፣ ወደብ ከሌለ ደግሞ ድምፅ የለም። ምራቲቱ ማታ ስትገባ "ደህና ነው እማዬ፣ አያስቡ" ትላቸዋለች። እሳቸው አንገታቸውን ይነቀንቁና ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን የልጃቸውን ጃኬት ያያሉ።

አንድ ቀን ከቁም ሳጥኑ ላይ ሻንጣ አወረዱ።

"የት ሊሄዱ ነው፣ እማዬ?"

"እህቱ ጋ። ቅዳሜ መጥታ ትወስደኛለች።"

"ምን አጎደልኩብዎ?"

"አንቺማ ምን አጎደልሽ፣ ልጄ። እሱ ነው እንጂ። ለሚስቱ በየቀኑ ይልካል፣ ለናቱ አንዲት ቃል አጣ። አልፈርድበትም፣ ሚስት ሚስት ናት።"

"እሱ እኮ አይደለም የሚልከው፣ መርከቧ ናት።"

"እንግዲያው መርከቧም ጠልታኛለች" አሉና ፎጣቸውን አጣጠፉ።

በማግስቱ ምራቲቱን ጉንፋን አልጋ ላይ ጣላት። የቢሮው ስክሪን ደግሞ ከቤት አይከፈትም። እንደነቃች ስልኳን ሳበች፤ ምንም የለም። ድምፁን ከፍ አደረገችው። ቻርጀሩን ሰካች፣ ነቀለች። አጥፍታ አበራችው። ቀና ስትል አማቷ በሩን ተደግፈው ያይዋታል።

"እኔንም እንዲሁ ነው የሚያደርገኝ" አሏት ቀስ ብለው።

የሥራ ባልደረባዋ ጋ ደወለች። ወሬ ስለማያቆም ቢሮው ሁሉ ሬዲዮ ነው የሚለው።

"ማከፋፈያው ቆሟል መሰለኝ። የባለቤቴ መርከብ ድምፅ የለም።"

"ምን ሲደረግ ይቆማል፣ እንደኔ ምላስ ይሠራል። ወደቡ ደርሶታል፣ ነዳጅ ደርሶታል። ጥገናም ደርሶት ሲነጫነጭ ነው ያረፈደው።"

"ታዲያ ለኔስ?"

ሬዲዮ ያለ ወጉ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እህቴ፣ አንቺ ዛሬ ቤተሰብ ነሽ" አላት። "ለቤተሰብ ወደብ ስትደርስ ብቻ ነው። ረስተሽው ነው እንጂ ያንቺው የእጅ ሥራ ነው።"

ስልኩን ጭኗ ላይ አኖረችው። አንድ ጠዋት አልቻለችውም፤ እኚህ ሴትዮ ግን ስንቱን ጠዋት ችለውታል።

"እማዬ፣ የሚያስፈራውም ቢመጣ መስማት ይፈልጋሉ?"

"ምን ማለትሽ ነው? ልጄን ከነክፉ ቀኑ ነው የወለድኩት።"

መልሳ ወደ ስልኩ ዞረች። "ሬዲዮ፣ ቤተሰቦቹን አንድ በአንድ ጠይቅልኝ። ሁሉን እንስማ ላለ ሁሉ ይድረሰው፣ አይሆንብኝም ላለ እንደነበረው ይቆይ። የኛን አሁኑኑ ክፈተው።"

"አለቃ ቢቆጣስ?"

"ያበላሸችው እሷ ናት በለው።"

ቅዳሜ ሻንጣው በሩ ሥር ቆሟል። አማቷ ጫማቸውን አድርገው ሲጠብቁ ስልካቸው ነዘረች። መነጽራቸው ሻንጣ ውስጥ ነበርና ለምራታቸው ሰጧት።

"ጉዞ ላይ ነን" ብላ ጀመረች፣ ቀጥሎ ያለውን ስታይ ዓይኗን ወደ መጨረሻው መስመር ወረወረች።

"አትዝለይብኝ።"

"ንፋስ ከባድ ነው። ፍጥነት ቀንሰናል። ሠራተኞች ደህና ናቸው።"

አማቷ ወደ ጃኬቱ ዞሩ። "ሕፃን ሳለ ንፋስ በሩን ሲመታ እኔ ጉያ ነበር የሚወሸቀው" አሉ።

"ፈሩ፣ እማዬ?"

"ፈራሁ እንጂ። ግን እስከ ዛሬ ምን እንደምፈራ እንኳ ሳላውቅ ብቻዬን ነበር የምፈራው። አሁን አብሬው ልፍራ።"

ውጭ መኪና ጡሩንባ ነፋ።

"ሂጂ ንገሪያት" አሉ ጫማቸውን እያወለቁ፣ "ንፋሱ ሳይቆም አልሄድም።"

ስትመለስ አልጋው ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ ስልኳ በመሃላቸው። ጃኬቱ እንደተሰቀለ ነው፤ ባለቤቱ ገና ሩቅ ነው። ነገር ግን ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ይናፍቁ ነበር።

እናንተም ልጆቼ፣ ለአንድ ሰው አዝናችሁ ወሬ ያስቀራችሁበት ቀን ካለ፣ ስልካቸውን አጠገባቸው አኑረው የሚጠብቁትን እኚህን እናት እባካችሁ አስታውሱልኝ።